የዝምተኛው ጂን ታሪክ፦ የኢትዮጵያ ገብስ፣ የፈንገስ በሽታና የእኛ ድርሻ

(በቦሌ አራብሳ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተገለበጠ)



ንግግሬን ከቆምንበት ምድር ልጀምር። ዛሬ የተሰበሰብንበት ቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች ከመቆማቸው በፊት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከዚህ ተነስቶ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በሸኖ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መንገደኛ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጤፉ ለስንዴ፣ ስንዴውም ለገብስ ቦታ ሲለቅ ይመለከታል። ደገኛው ገብስን የእህል ንጉሥ ይለዋል። ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎውና ጠላው ሁሉ ከእርሱ ነውና አባባሉ ያለ ምክንያት አልመጣም። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ደጋ ገብስ ውስጥ ወጥቶ የአውሮፓን ማሳዎች ስለሸፈነ አንድ ጂን ነው። ይህ ጂን በሽታን የሚከላከለው በመሥራት ሳይሆን በዝምታ ነው። ታሪኩም በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል፤ አንደኛው ተክል በፈንገስ ሲጠቃ በጂኖቹ ላይ ምን እንደሚደርስ የሚጠይቅ የባዮሎጂ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘሩን ማን አቆየው፣ ምስጢሩንስ ማን አነበበው የሚል የታሪክ ጥያቄ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ በአንድ የገብስ ቅጠል ላይ በአንድ ሌሊት የሚሆነውን እንመልከት። የገብስ ቅጠል ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ የሚታይበት በሽታ አለ። ይህን በሽታ በዚህ ንግግር ዱቄታማ ሻጋታ እለዋለሁ። አምጪው ብሉሜሪያ የተባለ ፈንገስ ሲሆን ሕይወት ያለው ተክል ካላገኘ ሊያድግ አይችልም። በነፋስ የመጣች አንዲት ስፖር ቅጠሉ ላይ ካረፈች በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታቆጠቁጣለች፤ ከዚያም ቅጠሉን የሚጫን እግር መሰል አካል ታበጃለች። ግማሽ ቀን ገደማ ሲሞላ ከዚህ እግር ሥር ቀጭን ችንካር ወጥቶ የላይኛውን ሕዋስ ግድግዳ ለመብሳት ይሞክራል። ከተሳካለት በሕዋሱ ውስጥ የመመገቢያ ጣቶቹን ዘርግቶ ተክሉን ሳይገድል ይመጠዋል። ሳምንት ባልሞላ ጊዜም ከዚያች ስፖር የተገኘው ቅኝ ግዛት በሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ ስፖሮችን ለነፋስ ያስረክባል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተክሉ ዝም ብሎ አይጠብቅም። ችንካሩ በሚነካበት ሥፍራ የሕዋሱ ግድግዳ በውስጥ በኩል ይወፍራል፤ ካሎስ የተባለ ንጥረ ነገር ይከመራል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይመነጫል፤ አስቀድመው አንቀላፍተው የነበሩ የመከላከያ ጂኖችም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይነቃሉ። ፈንገሱም በበኩሉ የራሱን ጂኖች ያነቃል። በ2010 የዚህ ፈንገስ ሙሉ የዘር መዝገብ ሲነበብ የተክሉን መከላከያ ለማደንዘዝ የሚላኩ ናቸው ተብለው የተገመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች መመሪያ ተገኝቶበታል። በአንጻሩ ሌሎች ፈንገሶች ለብቻቸው ለመኖር የሚጠቀሙባቸውን በርካታ ጂኖች አጥቷል። በአጭሩ ኢንፌክሽን ማለት በሁለት ፍጥረታት መካከል የሚካሄድ የጂኖች ምልልስ ነው። አንዱ ጂን ሲነቃ ሌላው ይመልሳል፤ ውጤቱን የሚወስነውም የትኛው ጂን፣ መቼ፣ ምን ያህል ሠራ የሚለው ነው።

የዕፅዋት አዳቃዮች ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚህ ምልልስ ውስጥ ጣልቃ ሲገቡ የኖሩት በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር በተልባና በተልባ ዋግ ላይ ባደረገው ጥናት በተክሉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ የመቋቋም ጂን በፈንገሱ ውስጥ ተመጣጣኝ ጂን እንዳለ አሳየ። ተክሉ የፈንገሱን ምልክት የሚያውቅ ዘብ ይኖረዋል፤ ዘቡ ምልክቱን ሲያይ ይጮኻል፤ የተወጋው ሕዋስም ራሱን ገድሎ ወራሪውን ያስርበዋል። ዘዴው ኃይለኛ ነው፤ ድካሙ ግን ከኃይሉ ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው። ፈንገሱ ያንን አንድ ምልክት ከለወጠ ወይም ከጣለ ዘቡ ያያል እንጂ አያውቀውም።

ለዚህ ከኢትዮጵያ የስንዴ ታሪክ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። እንቆይ የተባለው የስንዴ ዝርያ በገበሬው ዘንድ ተወድዶ በሰፊው ከተዘራ በኋላ በ1993 እና 1994 በግንድ ዋግ ተመታ። በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳንና ጋላማን መታ። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬዎች ወደ ዲጋሉ ዞሩ፤ ዲጋሉ ቢጫ ዋግንም፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኡጋንዳ የታወቀውንና በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘውን ዩጂ99 የተባለ የግንድ ዋግ ዓይነትም ይቋቋም ነበር። ይሁንና ዲጋሉ በግንድ ዋግ ላይ የተደገፈው በዋናነት ኤስአርቲኤምፒ በተባለ አንድ ጂን ላይ ነበር። በ2013 ይህን ጂን የሚያልፍ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ተነሣና ዲጋሉ የተዘራባቸውን ማሳዎች አጠፋ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ ተመሳሳይ ታሪክ፦ አንድ ዝርያ ይመጣል፣ ይስፋፋል፣ አንድ ዘብ ይታለላል፣ ገበሬው ባዶ ገለባ ያጭዳል። በቤተ ሙከራ ቋንቋ የአንድ ጂን ለውጥ የምንለው ነገር በባሌ ሜዳ ላይ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው።

ታዲያ ሌላ መንገድ አለን? እዚህ ላይ ነው ወደ ገብሱ የምንመለሰው።

በ1942 ጀርመን ውስጥ ፍራይስሌበንና ላይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የገብስ ዘርን በኤክስሬይ ጨረር መትተው ዱቄታማ ሻጋታ የማይዘው ተክል ማግኘታቸውን አስታወቁ። የተገኘው ለውጥ ከጊዜ በኋላ ኤምኤልኦ ተብሎ በሚታወቀው ጂን ላይ ነበር። የሚያስገርመው ግን ሰው በጨረር የፈጠረውን ይህን ጠባይ ተፈጥሮና የኢትዮጵያ ገበሬ አስቀድመው ሠርተውት መገኘታቸው ነው። በ1937 እና 1938 አንድ የጀርመን የሳይንስ ጉዞ ከኢትዮጵያ የአገር ገብስ ዘሮችን ሰብስቦ ሄዶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ኤል92 እና ኤል100 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ናሙናዎች በኋላ ሲፈተሹ በዚያው ጂን ላይ የተፈጥሮ ለውጥ ይዘው ተገኙ። ለውጡ ኤምኤልኦ-11 ተባለ።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ። 1937 እና 1938 አገራችን በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሥር የነበረችባቸው ዓመታት ናቸው። ከአሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1927፣ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ነጻ አገር ነበረችና በራስ ተፈሪ ዘንድ ቀርቦ ተስተናግዶ ነበር። ቫቪሎቭ በገብስና በስንዴ ብዝኃነት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ሁለቱም ጉዞዎች ዘር ይዘው ሄደዋል። በሁለተኛው ጊዜ ግን የዘሩ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ፈቃዱ የሚጠየቅበት መንግሥት አልነበረውም። ኤል92ን ያበቀለው ማሳ ጌታ ስም በሳይንሱ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው።

በ1979 ኔዘርላንድስ ውስጥ አቴም የተባለ የገብስ ዝርያ ኤምኤልኦ-11ን ይዞ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ይህ የኢትዮጵያ ጂን በአውሮፓ የበልግ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ በስፋት ገብቷል። እነሆ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው፤ የስንዴውን ዘቦች በጥቂት ዓመታት የሚያታልለው የፈንገስ ዓለም ይህን መከላከያ በማሳ ላይ ሊሰብረው አልቻለም። ለምን?

መልሱ በሁለት ደረጃ ተገኘ። በ1997 በእንግሊዝ አገር የፖል ሹልዝ-ሌፈርት ቡድን ጂኑን ለይቶ አወጣው። የጂኑ ውጤት የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እያቋረጠ የሚያልፍ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ዘብ አይደለም። እንዲያውም በጤናማ ተክል ውስጥ መከላከያውን የሚገታ ሆኖ ተገኘ። በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ተክሉ በፈንገስ ሲጠቃና ሲጎዳ የዚህ ጂን እንቅስቃሴ እንደሚጨምር አሳየ። ስለዚህ ፈንገሱ ሲመጣ ተክሉ ራሱ መከላከያውን የሚያለዝብ ፕሮቲን ያበዛል ማለት ነው። ዱቄታማ ሻጋታ የሚገባው በዚህ በር ነው። በሩ ከሌለ ችንካሩ የወፈረው ግድግዳ ላይ ደርሶ ይቀራል፤ ሕዋሱም መሞት ሳያስፈልገው ይድናል። ፈንገሱ ምልክቱን ቀይሮ ዘብ ማታለል ይችል ይሆናል፤ የሌለ በርን ግን በማታለል ሊከፍተው አይችልም። የኤምኤልኦ ዕድሜ መርዘም ምክንያቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ይበልጥ አስደናቂ ነው። በ2004 ፒፋኔሊና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያውን ኤምኤልኦ-11 ፊደል በፊደል ሲያነቡ ጂኑ ተበላሽቶ አላገኙትም። ሙሉው ጤናማ ጂን በቦታው ተቀምጧል። ለውጡ ያለው ከፊቱ ነው፤ የጂኑ መነሻ ክፍል ከአጎራባቹ ዲኤንኤ ጋር ተቆርጦ ከአሥር ጊዜ በላይ ተደጋግሞ ከጂኑ በፊት ተደርድሯል። ጂኑን የሚያነብበው የሕዋሱ መሣሪያ በእነዚህ ጎደሎ ቅጂዎች ይጠመዳል፤ የማይረባ መልእክት ይጽፋል፤ ከኋላ ያለው ጤናማ ጂን ግን እምብዛም አይነበብም። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ከደብተራችሁ አንድ ጥግ አስፍሩት፦ የጂን መኖርና የጂን መሥራት አንድ አይደሉም። ኤል92 ጂኑ አለው፤ ነገር ግን ጂኑ ዝም ብሏል። ድግግሞሹ በዘር መዋለድ ጊዜ ሲወድቅ ጂኑ እንደገና ይናገራል፤ ተክሉም እንደገና ይታመማል። ዝምታው የመከላከያው ምንጭ ለመሆኑ ከዚህ የሚበልጥ ማረጋገጫ የለም።

ይኸው ጥናት ለውጡ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ፣ ያውም ገብስ በሰው እጅ ከገባ በኋላ የመጣ መሆኑን አመለከተ። በዱር ገብስ ውስጥ ሳይሆን በእርሻ ማሳ ውስጥ፣ በአንድ ገበሬ እርሻ ላይ፣ በአንዲት ዛላ ውስጥ ተጀመረ ማለት ነው። ከዚያ የተረፈው ከዓመት ዓመት ዘር እየመረጡ በጎተራ ያቆዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ይህም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዝምታው የራሱ ዋጋ አለውና። ኤምኤልኦ የጎደለው ገብስ ቅጠሉ ያለ ጊዜው ሊያረጅ፣ ነጠብጣብ ሊያወጣ፣ ምርቱም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ሕዋስ እየገደሉ ለሚመገቡ አንዳንድ ሌሎች ፈንገሶች፣ ለምሳሌ ራሙላሪያ ለተባለው፣ ይበልጥ ሊጋለጥም ይችላል። ለአንዱ የተዘጋው በር ለሌላው መስኮት ሆኗል።

የኢትዮጵያ ገበሬ ደግሞ ማሳውን በአንድ ወጥ ዝርያ አልሸፈነም። ሰነፍ ቆሎ፣ ማውጌ፣ ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስ እያለ ሲለይ፣ በአንድ ስም በሚጠራው ዘር ውስጥ እንኳ ብዙ ዓይነት ተክል አብሮ ይበቅል ነበር። በእንዲህ ያለ ድብልቅ ውስጥ ዋጋ ያለው ጠባይ ሳይጠፋ፣ ዋጋ የሚያስከፍለውም ሳይነግሥ አብሮ ይኖራል። በቅርብ ዓመታት የተጠና ኢቲኤች295 የተባለ ሌላ የኢትዮጵያ ገብስ ይህንኑ ያጠናክራል። በእርሱ ውስጥ ድግግሞሹ ሁለት ብቻ ነው፤ ዝምታው ከፊል፣ መከላከያውም ከፊል ነው። ይኸው ጂን በአንድ አገር ማሳዎች ላይ በልዩ ልዩ የድምፅ መጠን ሲናገር ተገኘ እንበል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። በ1930ዎቹ ዘር መውሰድን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም። እስከ 1992ቱ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ድረስ የሰብል ዘር የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በሕግ ቋንቋ የተሰረቀ ነገር የለም። በፍትሕ ቋንቋ ግን የቀረ ዕዳ አለ፤ ጥያቄውን የማነሣውም ለዚህ ነው። ሚዛናዊ ለመሆን የእኛንም ተቀባይነት መናገር ይገባል። ቁብሳ ከሜክሲኮው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል የመጣ ዘር ነው፤ የዲጋሉ ጂን ኤስአርቲኤምፒም መነሻው ትራያምፍ 64 የተባለ አሜሪካዊ ስንዴ ነው። ዘር ድንበር ካልተሻገረ አንዱም አገር ራሱን አይመግብም። ለዚህም ነው ገብስና ስንዴ በ2001 በጸደቀው የዕፅዋት ዘር ዓለም አቀፍ ውል ውስጥ በጋራ ከሚጋሩት ሰብሎች መዝገብ የገቡት። ጤፍ በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም፤ በኔዘርላንድስ የተሰጠ የጤፍ ዱቄት ፓተንት በፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ ስንት ዓመት እንዳከራከረ ታስታውሳላችሁ።

እኔ ከዘሩ መሄድ ይልቅ የሚቆጨኝ የንባቡ አለመኖር ነው። ዘሩን የማቆየቱን ሥራ አገራችን ቸል አላለችም። በ1976 በጀርመን መንግሥት ትብብር የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ዶክተር መላኩ ወረደ ማዕከሉን በመሩባቸው ዓመታት፣ በተለይም በድርቁ ዘመን የተራበ ገበሬ ዘሩን ለምግብ ከማዋሉ በፊት የአገር ዘር እንዲሰበሰብና ተመልሶም በገበሬው ማሳ እንዲለማ ተደርጓል። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ሥራ ነበር። ያ ማዕከል ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኖ ከ15,000 በላይ የገብስ ናሙናዎችን ይዟል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482ም የማኅበረሰቡን ዕውቀትና የተጠቃሚነት መብት በሕግ አስፍሯል። እንግዲህ ጎተራው አለ፤ መዝገቡም አለ፤ ሕጉም አለ።

የሚቀረው ዘሩን የማንበብ ሥራ ነው፤ ይህም የእናንተ ነው። ዓለም በዚህ ንባብ ወዴት እንደደረሰ ተመልከቱ። በ2014 ቻይናውያን ተመራማሪዎች ሦስት ቅጂ ያለውን የስንዴ ኤምኤልኦ በጂን አርትዖት በአንድ ጊዜ ዝም አሰኝተው ዱቄታማ ሻጋታን የሚቋቋም ስንዴ አወጡ። በ2022 ደግሞ ዝምታው የሚያስከፍለውን የምርት ቅናሽ አጎራባች ጂን በማንቃት ማካካስ እንደሚቻል አሳዩ። ቻይና ውስጥ ያለ ቤተ ሙከራ ዛሬ በስንዴ ላይ የሚያደርገውን ያንን ጂን ዝም የማሰኘት ሥራ አንድ የኢትዮጵያ ገብስ በራሱ ሠርቶት ነበር። ይሁንና ብዝኃነቱ ያለው እዚህ ሲሆን በሽታውም እዚህ አብሮ ይሻሻላል። ኤስአር13 የተባለው የስንዴ ጂን በኢትዮጵያ የዱረም ስንዴም ውስጥ ይገኛል፤ ዩጂ99ንም ይቋቋማል። ይህንኑ ጂን የሚያልፍ የግንድ ዋግ ዓይነት ደግሞ በደብረ ዘይት ተገኝቷል። ጠላትና ወዳጅ በአንድ ማሳ ያደጉበት አገር ምልልሳቸውን ለማድመጥ ከማንም የተሻለ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ከዘር ባንክ የወጣን ናሙና የሚቋቋም ወይስ የማይቋቋም ብለን ብቻ አንመዝግበው፤ ፈንገሱ ባረፈበት በመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ሰዓታት የትኞቹ ጂኖች እንደነቁና የትኞቹ ዝም እንዳሉ እንመዝግብ። በእኛ ደጋ ገብስን ይበልጥ የሚያጠቁት የቅጠል መለብለብና መረብ መሰል የቅጠል ነጠብጣብ ስለሆኑ፣ አውሮፓ የጠየቀውን ጥያቄ መድገም ሳይሆን የራሳችንን በሽታ መጠየቅ ይገባናል። ሁለተኛ፣ ዘሩን ያቆዩትን ሰዎች ስም፣ የዘሩን የአገር ስምና ገበሬው የመረጠበትን ምክንያት ከናሙናው ጋር አብረን እንጻፍ፤ ኤል92 ቁጥር ብቻ ሆኖ የቀረበት ስሕተት በእኛ እጅ አይደገም። ሦስተኛ፣ በጎተራ ያለው ዘር በማሳ ያለውን አይተካም። በብርድ ክፍል ያለ ዘር ከበሽታው ጋር አብሮ አይለወጥም፤ የሚለወጠው በየዓመቱ የሚዘራው ነው።

የመጨረሻውን ነጥብ እዚህ አራብሳ ላይ ቆሞ መናገር ልዩ ክብደት አለው። ከተማ ማደጉ አይቀርም፤ እኔም እናንተም ከምንኖርባቸው ቤቶች ብዙዎቹ በትናንት እርሻ ላይ የቆሙ ናቸው። የሚያሳስበኝ ማሳው ወደ መንደር ሲለወጥ በማሳው ላይ የነበረው ዘር ማን ዘንድ እንደሄደ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። የከተማው ዳርቻ በምሥራቅ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር የዘር ሰብሳቢው ቀድሞት ሁለት እርምጃ መሄድ ይኖርበታል።

ኤምኤልኦ-11 ለዘመናት በኢትዮጵያ ማሳ ላይ ዝም ብሎ ኖሯል፤ ዝምታው ለተክሉ ጋሻ ነበር። የሊቃውንት ዝምታ ግን ለአገር ጋሻ አይሆንም።